በብረት ቤት ውስጥ ሸበካ ፍለጋ

ወንድሜ የሞተው ሸበካ ስላልነበረ ነው አሉን። ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ያመጣልን ሰው በራችን ላይ ቆሞ የነገረን ይህንኑ ነው።

«ታመመ። ክረምት ነው፣ መንገድ የለም። መኪና እንዳንጠራ ሸበካ የለም። ምን እናድርግ?»

ሸበካ የሚሉት የስልክና የኢንተርኔት መስመሩን ነው። ሱዳን የከረመ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። እናቴ ደረቷን እየመታች ነበርና የሰማችው አልመሰለኝም። እኔ ግን ሰማሁ። ሰማሁና አላመንኩም። ሰው እየሞተ መደወያ ይጠፋል?

ወንድሜ ሱዳን ውስጥ፣ ቁረይሻ አካባቢ አንድ ትልቅ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ የትራክተር ረዳት ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ መተማ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። አጨዳ ሲደርስ ከአጫጆች ጋር ተቀላቅዬ ድንበሩን በገላባት ተሻገርኩ። ለእናቴ «ልሠራ ነው» አልኳት። መሥራቴም አልቀረም። ግን የሄድኩት የሞተበትን ቤት ለማየት ነው። አብረውት የነበሩትንም ዐይን ዐይናቸውን ለማየት።

ቤቱ፣ እንዴት ልበለው፣ ቤት አይደለም። ኮንቴይነር ነው። ከመርከብ ወርዶ፣ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ጥቁሩ አፈር ላይ የተቀመጠ። በአንድ ጎኑ መስኮት ቆርጠውለት ውስጡን አልጋ ደርድረውበታል። ቀን ላይ ግድግዳው እጅ አያስነካም። ቋሚ ሠራተኞቹ የሚያድሩት እዚያ ነው፤ አጫጁ ደጅ ነው የሚተኛው። እኔ ግን የሟቹ ወንድም ነኝ ስላልኩ ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

ያስገባኝ የትራክተሩ ነጂ ነው። በዕድሜ ትልቁ ስለሆነ ሁሉም «አያ» ይለዋል። ወንድሜን ሥራ ያስተማረው እሱ ነው። ሲሞትም አጠገቡ የነበረው እሱ ነው።

«ይኸው የወንድምህ አልጋ» አለኝ። «ማንም አልተኛበትም።»

ለምን? ሰው መሬት ላይ እያደረ አልጋ ባዶውን የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ጠረጠርኩ። ገንፎ ሲቀርብ ደግሞ አያ ከመሃል ያለውን ወይካ፣ የደረቀ ባሚያ ወጥ፣ በጣቱ ወደ እኔ ይገፋልኛል። «ብላ፣ ከስተሃል» ይለኛል። እኔ እየበላሁ፣ ጥፋት ያለበት ሰው ነው እንዲህ የሚያባብል እላለሁ በልቤ። ክፉ ቢያዩኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ደግነታቸው ነበር እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ከኮንቴይነሩ ትይዩ፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ የወኪሉ ቢሮ አለ። ወኪሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ አማርኛውን ከአጫጆች ነው የለመደው። የእርሻው ባለቤት ገዳሪፍ ከተማ ስለሚኖር፣ የተሰበረ ዕቃ ሲኖር ፎቶ እንዲላክለት ዋይፋይ አስገብቶለታል። ጣራው ላይ አንቴና አለ፣ ባትሪውን ፀሐይ ትሞላዋለች። በተረፈ በዚያ አካባቢ ተራ ስልክ አይሠራም። ውሃ የሚጠራቀምበት ሐፊር ዳር ያለው የአፈር ጉብታ ላይ ወጥተው ከቀናቸው ይይዛል፣ እሱም በበጋ።

ስለዚህ ወደ ማታ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ስልክ ያለው ሁሉ ቢሮው በራፍ ላይ ይሰበሰባል። ወኪሉ «ይከፍትልናል»። ፓስወርዱን በራሱ እጅ ነው በየስልኩ የሚያስገባው፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ፀሐይ ስትጠልቅ «ኸላስ!» ይላል። አለቀ ማለት ነው። ይዘጋል፣ ሸበካውም ያበቃል። ሰዉ እየተሳደበ ይበተናል። «ለክፋቱ ነው የሚያጠፋብን፣ ምን ያጎድልበታል?» ይላሉ። በዚያችው ሰዓት እንኳ ኮንቴይነሩ ውስጥ ምንም አይገባም። «ብረት ነዋ» ይሉኛል ሁሉም በአንድ አፍ። በአንድ አፍ ማለታቸውም አላማረኝም።

እንግዲህ ያኔ ነው የቆረጥኩት። ሸበካውን እዚህ ብረት ቤት ውስጥ ማስገባት ከቻልኩ የነገሩን ውሸት ነው። ካልቻልኩ… ያን ጊዜ እናያለን አልኩ። ለእነሱ «እናቴን በምስል ላናግራት ነው» አልኳቸው።

መጀመሪያ የሰጡኝን የወንድሜን አልጋ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ስልኬ ላይ የዋይፋይ ምልክቷ ብልጭ ብላ ጠፋች። ቀጥሎ የትልቁን ድስት ክዳን አምጥቼ መስኮቱ ላይ አዘንብዬ አሰርኩት። የዲሽ ሳህን ለቴሌቪዥን እንዲያ ስለሚሠራ ለዚህም የሚሠራ መስሎኝ ነው።

«የሟቹ ወንድም፣ ሸበካን በድስት ክዳን ልትጠልፈው ነው?» አለ አንዱ።

«ተወው፣ ሸበካው ባይገኝ ወጥ ይገኝበት ይሆናል» አለ ሌላው። ሳቁብኝ። አብሳዩ መጥቶ ክዳኑን ፈትቶ ወሰደው።

ከዚያ ከተቃጠለ ሞተር የመዳብ ሽቦ ፈትቼ በመስኮቱ አውጥቼ ጣራ ላይ በዘንግ ሰቀልኩት። በማግስቱ ከአጨዳ ስመለስ ዘንጉም ሽቦውም የለም።

«ማነው ያወረደው?»

«እኔ» አለ አያ፣ ቀና ሳይል።

«ለምን?»

«ድንበር ላይ ነን፣ ልጄ። ወታደር በዚህ ያልፋል። ሐበሻ ጣራ ላይ ሽቦ ሰቅሎ ቢያይ ለማን ነው የምታወራው ይልሃል። እናቴን ላናግር ነው ብትል የሚሰማህ አለ?»

«አያ፣ አንተ ሸበካው እዚህ እንዲገባ አትፈልግም መሰለኝ።»

ያኔ ቀና አለ። «ምን ማለትህ ነው?» አለኝ። ማጭዴን መሳል ጀመርኩ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። አለመጠየቁን ከሽቦው ጋር ደመርኩበት።

አንድ ጠዋት ወኪሉ አስጠራኝ።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ የተማርክ ነህ አሉ። ና፣ የዋይፋዩ ማሽን ቀይ አብርቷል።»

ቢሮው ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ፈለግሁ፣ የለም። ሽማግሌው ከአንገቱ ላይ በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አወጣና ጥግ የቆመውን የብረት ቁም ሣጥን ከፈተ። ወፍራም ነው፣ በሩ ሲከፈት ያቃስታል። ከሻይ ቅጠሉና ከስኳሩ አጠገብ፣ ከትራክተር መለዋወጫው በላይ፣ ራውተሩ ተቀምጧል። ሽቦው ከኋላ በተበሳ ቀዳዳ ገብቷል። አይጥ ነክሶት ነው። ልጬ ቀጠልኩት፣ አረንጓዴ አበራ።

ስልኬ በእጄ ነበር። ምልክቷ ሙሉ ነች። ሽማግሌው ነፋሱ ስለሚያወዛውዘው የሣጥኑን በር መለስ አደረገው። ምልክቷ ወረደች። ከፈትኩት፣ ሞላች። ዘጋሁት፣ ጠፋች። ደግሜ ከፈትኩ።

«ምን ትጫወታለህ? ትሰብረዋለህ!»

«ያ ዐሚ» አልኩት፣ አጎቴ ማለቴ ነው፣ «ፀሐይ ስትጠልቅ ማሽኑን ያጠፉታል?»

«ለምን አጠፋዋለሁ? እቆልፍበታለሁ እንጂ። ሐራሚ ሞልቷል፣ ሌባ!»

«ሸበካው ግን ያኔ ያልቃል።»

«ያልቃላ። እሱም ይተኛል።»

እውነቱን ነው፤ የማታ ዕረፍቱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሠራተኞቹ ደግሞ እሱ ለክፋት የሚያጠፋው ይመስላቸዋል። ማሽኑ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ብረት ውስጥ ታፍኖ። ሰዉ ሁሉ የሚረግመው የሚተኛበትን ብረት ነው። የዚህን የሣጥን ብረት ነገር ያሰበ አልነበረም።

ከሣጥኑ አውጥተን ወደ ኮንቴይነሩ የሚያየው መስኮት ላይ እናድርገው አልኩት። ዐይኑን አጠበበ።

«አሃ! ሌሊቱን ባሱንዳ ወዳሉት እርሻዎች ስትደውሉ ልታድሩ? አምና አንድ ሰው ደውሎ እዚያ ሻል ያለ ሥራ አለ ቢላቸው፣ ጠዋት ስነሣ ሰሊጡ ብቻውን ቆሟል።»

እዚያ አገር ወኪል ሁሉ የሚፈራው ይህንን ነው፤ ሰሊጥ ደርሶ ካልታጨደ ይራገፋል። እኔም ባለቤቱ ማታ ማታ ሲደውል እንደማያገኘው አስታወስኩት። ጺሙን አሸ። በመጨረሻ ራውተሩን የበር ሰንሰለት አምጥቶ፣ እንደ ፍየል ከመስኮቱ ብረት ጋር አስሮ ቆለፈበት። ተስማማን።

ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባሁ። በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ምልክቷ አልጠፋችም። ትንሽ ቆይቶ በየትራሱ ሥር ያለው ስልክ ሁሉ መንጫጫት ጀመረ። «እናቴ ናት!» አለ አንዱ። «የድስት ክዳኑ ጌታ!» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። እኔ ደስ አላለኝም። ይቻል ነበር ማለት ነው። ወንድሜ ሲያቃስት ማሽኑ ድንጋይ ውርወራ ላይ በሕይወት ነበር።

አያን ትራክተሩ ጥላ ሥር አገኘሁት። እጁን በጋዝ ይታጠባል።

«ወንድሜ ሲታመም ወኪሉ የት ነበር?»

«ሾዋክ ከተማ ሄዶ ዝናብ ያዘው።»

«ቁልፉስ?»

«አንገቱ ላይ ነዋ።»

«ለምን ቢሮውን አልሰበራችሁም?»

እጁ ቆመ። «ሰብረንስ? አጥፍቶት ሄዷል ነው የምንለው። ለጠፋ ነገር የሰው ቢሮ እንስበር? ሐበሻ ሰብሮ ገባ ሲባል ማን ይጠይቅልናል? ወረቀት ያለው የለን።» ጨርቁን ጨመቀው። «ትራክተሩ ላይ አስተኝቼው ወጣሁ። ጭቃው ጎማውን ዋጠው። ከዚያ በቃሬዛ ተሸከምነው።»

«እስከ የት?»

በአገጩ አሳየኝ። ሩቅ አይደለም። አንድ የላሎ ዛፍ ይታያል፣ ከሥሩ የድንጋይ ክምር፤ የቀበሩት እዚያው ነው።

ወኪሉን ነገሩን አዟዙሬ ጠየቅሁት። እሱም ሾዋክ ነበርኩ አለ። ቃላቸው ገጠመ። ግን ሁለት ሰው ቀድሞ ከተማከረ ቃሉ ይገጥማል። ቢሮው ቢሰበር፣ ሣጥኑም ቢሰበር፣ ሸበካው ይወጣ ነበር። መኪና ጭቃውን አልፎ ይደርስ ነበር ወይ? እሱን አላውቅም። ሰብሮ መሞከር ግን ነበር። ይህን እኔ ዛሬ አውቃለሁ፤ እነሱ አላወቁም። አላወቅንም ይላሉ።

እሑድ እናቴ ጎረቤት ሄዳ በሰው ስልክ ጠራችኝ። ፊቷ ጥርት ብሎ መጣ። አልጋውን አሳየኝ አለች፣ አሳየኋት። ግድግዳውን፣ መስኮቱን። ከዚያ «አብሮት የነበረውን ሰው አምጣልኝ» አለች።

አያ ቆቡን አውልቆ መጣና ወንድሜ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን ፊቱ ላይ ያዝኩለት።

«አንተ ነህ ልጄን የተሸከምከው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ከበደህ?»

አያ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እንባው በጉንጩ ወርዶ ጺሙ ውስጥ ገባ። «አልከበደኝም» አለ።

«እግዜር ይስጥህ» አለችው እናቴ። «እጅህን አሳየኝ።»

እጁን አነሣላት። በጋዝ የጠቆረ፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ። እናቴ ወደ ስልኩ ተጠግታ አየችው፤ አመነችውም። እኔ ከስልኩ በላይ አሻግሬ ዐይኑን አያለሁ። እንባው የሐዘን ይሁን የፍርሃት መለየት ፈልጌ ትክ ብዬ አየሁት። እጄ ዘንበል አለ መሰለኝ፣ «ጣራውን ነው የማየው፣ ልጄ፣ ወደ እሱ አዙረው» አለችኝ።

አዞርኩት።