ስም ያልነበራት ግራር

እስቲ ጠጋ በሉ። አነጣጥሮ መምታት ብቻውን አዳኝ የሚያደርግ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ የቦታውን ስም ማወቅ ነው።

ጥቅምት ነበር፤ ማሽላ የሚያሽትበት፣ ከርከሮም የሚጠግብበት ወር። በሶፊ ገጠር የሚያርሰው ወዳጄ አብዲ ሐረር ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ ታደሰ፣ ከርከሮ ማሽላዬን ጨረሰው። የዓመት ቀለባችን እኮ ነው!» አለኝ። የአደን ፈቃድ አውጥቶ ነበርና የአባቴን ምንሽር አንግቼ ተከተልኩት። ሥጋውን እሱም አይነካው፣ እኔም አልበላው፤ ድርሻው የጅብ ነው።

እዚያ ሜዳ ላይ የሚታደነው በስም ነው። ማሽላው ከሰው ስለሚረዝም ከታች ሆኖ ምንም አይታይም። ስለዚህ እነአብዲ ኮረብታው ላይ ሆነው አውሬው የደረሰበትን ቦታ እየጠሩ ይጮሃሉ፤ ተኳሹ ሰምቶ ይዘጋጃል። ሞባይል እንዳትሉኝ! ከርከሮ እየመጣ ማን ቁጥር ይነካል?

እኔ ደግሞ ጥላ ወዳድ! አብዲ ካስቀመጠኝ ቦታ ተነስቼ ማሳው ጥግ ወዳለች ግራር ሄድኩና ምንሽሬን ግንዷ ላይ አስደግፌ ቁጭ አልኩ። ጤዛው ገና አልደረቀም፤ ጭቃው ላይ ትኩስ ኮቴ አለ። ይህን አይቼ እንኳ አልተነሳሁም።

«ቡርቃ ዲማ!» አሉ፤ ቀዩ ምንጭ ማለት ነው፣ ሩቅ ነው። ቀጥለው «ሐርቡ!» አሉ፤ ሾላው ዘንድ ደርሷል። ወዲያው አብዲ «ጋሼ! እርስዎ ጋ... እዚያች... ያ አላህ፣ ምን ልበላት!» ሲል ሰማሁ። ለካ ግራሯ ስም የላትም!

እሱ ስም ሲፈልግ ማሽላው ተከፈተና አንድ ወንድ ከርከሮ ፊቴ ዱብ አለ። ክራንቻው እንደ ማጭድ ቆልመም ብሏል። ምንሽሩን ላነሳ ስል ገጭቶ ጣለው። ነፍሴ ልትወጣ ስትል እኔ ቀድሜያት ግራሯ ላይ ወጣሁ! እሾኋ ትዝ ያለኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። እሱ ግንዱን ይገጫል፣ ቅርንጫፌ ይንቋቋል፣ እኔ «ኧረ በማርያም!» እላለሁ።

አብዲ ድንጋይ እየወረወረ ከኮረብታው በሩጫ ወረደ። ከርከሮው ደንግጦ ማሽላውን እየጣሰ ሸሸ።

«ማሽላህ! ማሽላህን አድን!» ብዬ ጮህኩ።

«ማሽላ ተመልሶ ይዘራል። ጋሼ ታደሰ ግን አይዘራም! አልሐምዱሊላህ፣ ይውረዱ።»

እንባዬ መጣ፤ በእሾኹ አሳበብኩ። ሲነቅልልኝ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

ከዚያ ወዲህ የቦታውን ስም ሳልጠይቅ አልቀመጥም። ዘንድሮ የአብዲ ልጅ እዚያችው ግራር አጠገብ አደፈጠ፤ እኔ ከአባቱ ጋር ኮረብታው ላይ ነበርኩ። አውሬው ወደሱ ሲታጠፍ ሰፈሩ በሙሉ «ሙካ ታደሰ!» ብሎ ጮኸ፤ የታደሰ ዛፍ ማለት ነው። ልጁ በጊዜ ሰምቶ ተኮሰ፤ ማሽላው ዳነ። እኔም ከሁሉም በላይ ጮኼ ነበር፣ አንዱን እጄን መቀመጫዬ ላይ አድርጌ።