ሬዲዮዎቹ ዝም ያሉበት እሑድ

እናቴ ካረፈች ሦስት ወር ሞላት። ባለፈው ሳምንት ጭሮ ሄደን ቤቷን ስናጸዳ፣ ልጄ ሳራ ከሳጥኑ ሥር በጥቁር ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታችውና፣ «አባዬ፣ ሬዲዮ ነው። ይሠራል?» አለችኝ። አስቀምጪው አልኳት። ድምፄ ሳይከብድ አልቀረም፤ ደንግጣ አየችኝ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ያ ሬዲዮ በሻሽ የተጠቀለለው ሁላችንም ጭሮን አሰበ ተፈሪ እያልን በምንጠራበት ጊዜ ነው። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ታደለ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። አባታችን የለም፤ እናቴ እህል እየነገደች ነው ያሳደገችን። ሬዲዮውን የገዛላት ታደለ ነው፤ መቻራ አክስታችን ዘንድ ሁለት የቡና ወቅት ሠርቶ። የባትሪ ድንጋይ መቀየርና ጣቢያ መፈለግ የእኔ ሥራ ነበር። እናቴ ሬዲዮው ሲከፈት እንግዳ የመጣባት ይመስል ነጠላዋን ታስተካክላለች።

በዚያ ሰሞን ከታደለ ደብዳቤ መጣ። በሠራዊቱ የሰላምታ ፕሮግራም መልእክት አስቀርጿል፤ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠብቁኝ ይላል። እናቴ አራት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

እሑድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሐጂ ዩሱፍ ጠሩኝ። ጎረቤታችን፣ ባለሱቅ ናቸው። ሌላ ቀን ቢሆን፣ «አቦ፣ ዛሬም ፊትህን ሳትታጠብ ወጣህ?» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ያን ቀን አልቀለዱም። ከስኳር ጆንያዎቹ ጀርባ ወሰዱኝና እጄን ያዙ። ቆስሎ የተመለሰ አንድ የአሰቦት ልጅ ትናንት መጥቶ ነግሯቸዋል። ታደለን በገዛ እጁ ቀብሮታል።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እሳቸው ያሉትን ግን አስታውሳለሁ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አክስትህ ዛሬ ማታ ከመቻራ ትገባለች። መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። እናትህን ብቻዋን አንነግራትም። እስከዚያ ፊትህን ጠብቅ።»

ፊቴን ይዤ ገባሁ።

በሬዲዮው ዜናው አልቆ የገበሬዎች ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። አንድ ሰው ማሽላን ከነቀዝ ስለመጠበቅ ረጋ ብሎ ያስረዳል። እናቴ ነጋዴ ናትና ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች፤ አንዳንዴም ትከራከረዋለች። ቀጥሎ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ተወራ። ቀጥሎ ድራማ ነበር። በድራማው ጠፍቶ የቆየ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ መጀመሪያ ሌባ መስሏት በዱላ ታባርረዋለች። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ የያዝኩትን ዳቦ መሶቡ ላይ መለስኩት።

በመሐሉ ሰው ይመጣል። ለወራት ቤታችንን ያልረገጠች ጎረቤት የተቀቀለ በቆሎ እሸት ይዛ መጣች፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ልብስ ሰፊው ጋሽ መንገሻ ማንም ሳይጠይቀው እንጨታችንን ፈልጦ በግድግዳው ሥር ደረደረልን። እናቴን ቀና ብሎ አላያትም።

«ዛሬ ምን ሆነዋል?» አለችኝ። ወዲያው ራሷ መለሰችው። «ታደለ በሬዲዮ ሊናገር ነው ስላልኩ ነዋ።»

እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮውን አዘጋችኝ። ለዘጠኝ ሰዓት ጉልበት እንዲኖራቸው ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ እንዳሰጣ አዘዘችኝ። አራቱን ቆርቆሮ ላይ ደርድሬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የጥቅምት ፀሐይ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ። የወንድሜ ድምፅ ከዚያ ሣጥን ሲወጣ አሰብኩ። ደህና ነኝ ሲል። እናቴ እልል ስትል። ከዚያ ነገ ጎህ ሲቀድ መርዶው ሲነገራት አሰብኩ።

ድንጋዮቹን ስመልስ ሦስተኛውን ገልብጬ አስገባሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ቁልፉን አዞርኩት፤ ዝም አለ። ድንጋዩ ሞቷል አልኳት። አልተቆጣችም። ተነሥታ ወጣች፤ ተከተልኳት።

በእኛ መንገድ እሑድ እሑድ ከቤታችን እስከ መኪና መናኸሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያመልጥህ መሄድ ትችል ነበር። ሱቁ ሁሉ የሚከፍተው ያንኑ ጣቢያ ነው። ያን ቀንም ከሐጂ ዩሱፍ ሱቅ ድምፅ ይሰማ ነበር። እናቴ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለ። «አስካለ፣ ድንጋይ አለቀብኝ» አሏት፤ ድንጋይ ከሚሸጡበት መደርደሪያ ፊት ቆመው። ወደ ልብስ ሰፊው አለፈች። ጋሽ መንገሻ ሲያያት እጁን ሰድዶ ዘጋው። ከዚያ ሻይ ቤቱ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ሱቅ። እየሄደች ነው፤ ድምፁ ከፊቷ ከፊቷ እየጠፋ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። መርዶ ያልተነገራትን እናት ልጇን ማሰማት ሁሉም ፈራ።

መንገዱ መሐል ላይ ቆመች። ዳገቱን የሚወጣ የጭነት መኪና ብቻ ይሰማል።

«የሁላችሁም ድንጋይ ባንድ ቀን አለቀ?» አለች።

ወደ እኔ ዞረች። «ጌቱ፣ አንተም ታውቃለህ?»

መሬት መሬት አየሁ። እሷ እዚያው፣ አቧራው ላይ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አክስቴ ማታ ስትደርስ ለቅሶው በርትቶ አገኘችው። ጎህን የጠበቀ መርዶ አልነበረም።

የታደለ መልእክት ያን ቀን ይተላለፍ አይተላለፍ አላውቅም። በኋላ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ሁሉም ዘግተው ነበር። እናቴ ሬዲዮውን ጠቅልላ አስቀመጠችው፤ ዳግመኛም አላስከፈተችኝም። ስለ ድንጋዩ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን በቆሎ እየፈለፈልን ሳለ «ድምፁን እንኳ…» አለችና ተወችው። ያኔ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አልነገርኳትም።

ከበረንዳው ስመለስ ሳራ የሬዲዮውን ጀርባ ከፍታዋለች። ድንጋዮቹ አብጠው ነጭ ዱቄት አውጥተዋል። አንዱን በጣቷ ነካችው።

«አባዬ፣ ይሄኛው እኮ ተገልብጧል። ማን ነው እንዲህ ያስገባው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ልትሰማው የሚገባት ሰው ግን ሦስት ወር ቀድማኛለች።