የጋቢው አራተኛ ጫፍ

ኮረብታውን እንድንይዝ የታዘዝነው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ኮረብታው ስም አልነበረውም፤ እኛም ልናወጣለት አልፈለግንም። ከጋይንት ንፋስ መውጫ፣ ከአንድ የኳስ ክለብ አብረን የዘመትን አምስት ነበርን፤ አምበላችን ደሳለኝ፣ ተከላካዩ ይርጋ፣ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ በረኛው ሁሴን፣ የክንፍ ተጫዋቹ አስናቀና እኔ። የጋንታ መሪያችን አልለያየንም። «እናንተ የኳስ ልጆች፣ ዛሬ ዳኛ የለም» አለን። ደሳለኝ የጫማውን ክር እያሰረ «ጋይንት ውስጥስ መቼ ነበረ?» ብሎ መለሰለት። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ብዙም አልሳቅንም።

ክለባችን ዋንጫ አያውቅም። ሜዳው ተዳፋት ስለሆነ ሁለተኛውን አጋማሽ ሽቅብ የሚጫወት ቡድን መሸነፉን አውቆ ይገባል፤ ዕጣው ደግሞ እኛን አይወድም ነበር። የነበረን አንድ ልማድ ነው። ክለቡ በተመሠረተበት ዓመት አንድ ልጅ እግሩ ተሰብሮ ወድቆ ሳለ ጓደኞቹ ጎል አገቡ። እናቱ ሜዳ ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጨዋታው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የወደቀ ሰው፣ የእኛም ይሁን የተጋጣሚያችን የአርብ ገበያ፣ ከሜዳ ሳይወጣ ኳስ አይመታም። ቅርብ ያሉት አራት ሰዎች የጋቢ ጫፍ ጫፍ ይዘው ያወጡታል። አሠልጣኛችን ከቅብብል ይልቅ ይህንን ነበር የሚያለማምደን። ሰው ሲወድቅ መሮጥ፣ ሳያስቡ መሮጥ።

ሦስት ሰዓት ላይ ከኮረብታው ወገብ ደረስን። መትረየስ ያዘን። ተኛን። አስናቀ ከፊታችን ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀድሞ ነበር፤ ሜዳ ላይም መቅደም ይወዳል። ጉልበቱን ተመታ። ወደቀ።

«ተዉኝ፣ አትምጡ» እያለ ጮኸ።

ደሳለኝ ተነሣ። ይርጋ ተከተለው። ሁሴን ትከሻው ላይ ያሠረውን ጋቢ እየፈታ ወደ እኔ ዞሮ «አራተኛው አንተ ነህ፣ ና» አለኝ። ማንም ትእዛዝ አልሰጣቸውም። እግራቸው ያውቀዋል። የእኔም እግር ያውቅ ነበር። አልተነሣሁም።

የሞርታር ጥይት ግማሽ መንገድ ላይ አገኛቸው። አንድ ብቻ ነበር።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኝተን ዋልን። ተኩሱ ሲበርድ በደረቴ እየተሳብኩ ሄጄ አስናቀን በቀበቶው ጎትቼ አወረድኩት። እግሩ ተቆረጠ፣ ነፍሱ ተረፈች። ኮረብታውን በማግሥቱ ሌላ ሻምበል ጦር ያዘው።

ዘንድሮ የክለቡ ወጣቶች ታሪኩን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሁሉ መጻፍ ይችላል ብለው ያምናሉ። ጸሐፊያቸው ረቂቁን አንብቦ «ጋሼ፣ ‹ምሽግ ሲሰብሩ ወደቁ› ብንለው አይሻልም? ማልያው ጀርባ ላይም ያምራል» አለኝ። ምሽግ አልሰበሩም አልኩት። ሰው ሊያነሡ ሄደው ነው የሞቱት፤ ያውም አትምጡ የተባሉበት ቦታ፣ ከኳስ ሜዳ ይዘውት በመጡት ልማድ። ልጁ ቅር አለው። ለማልያ የሚሆን ታሪክ አይደለም።

አስናቀ አሁን መናኸሪያው ፊት ለፊት ሞባይል ይጠግናል። ረቂቁን ወስጄ ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ደንበኛ እያስጠበቀ አነበበው።

«አትምጡ ማለቴን ጽፈሃል» አለኝ። «ጥሩ ነው። የአንተን መቅረት ግን ከጽሑፉ አውጣው። ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

«እኮ። አንተም ብትመጣ ኖሮ ማን ያወርደኝ ነበር?»

አምስት ሄድን። ደሳለኝ፣ ይርጋና ሁሴን እዚያው ቀሩ፤ ሁለት ተመለስን። የአስናቀ ሒሳብ ትክክል ነው። የንስሐ አባቴም ይህንኑ ሒሳብ ሠርተውልኛል፣ ባለቤቴም እንዲሁ። እኔ ግን ያን ቀን ሒሳብ አልሠራሁም። የቀረሁት ፈርቼ ነው። ይህንን መስመር አላወጣሁትም።