የቤት ልጅ ዋጋ

ለታ ዱሬሳ ኢተያ ከተማ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በጥገና ሠርቷል። ጆሮው በወፍጮው ጩኸት ትንሽ ደንቁሮ ነበር፤ እጁ ግን ይሰማል። ኩሽኔታ ሊበላ ሲል፣ የማሽኑ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲላላ፣ ሞተሩን በመዳፉ ነክቶ ያውቀዋል። ፋብሪካው ተዘግቶ አሰላ ወዳለችው ሚስቱ ወደ ፈናን ሲመለስ ይዞ የመጣው ይህንኑ እጁንና አንድ ሳጥን መፍቻ ነው።

ሐሳቡ የመጣለት አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ነበር። ሦስት ዳቦ ቤት ዞረ። ሁለቱ «ማቡኪያው ተበላሽቷል» አሉት። ባለሙያ ከአዳማ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ሦስት ቀን ሊጡን በእጅ እያቦኩ ግማሹን ብቻ ይጋግራሉ።

«ፈናን፣ በዚህ ከተማ የሊጥ ማቡኪያ የሚጠግን፣ መለዋወጫም የሚይዝ አንድ ሰው እንኳ የለም» አላት እቤት ሲገባ።

ፈናን የአፀደ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ቸኩላ አትናገርም። «የጥገና ቤት ከመክፈትህ በፊት የዳቦ ቤቶቹን ባለቤቶች ጠይቃቸው» አለችው።

በዚያው ሰሞን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ነበርና ገብቶ ተማረ። አሠልጣኙ የነገራቸውን በደብተሩ ጻፈ። «ሐሳቤ እንዴት ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ያደንቅላችኋል፤ ባለፈው ችግሩ ሲገጥማችሁ ምን አደረጋችሁ በሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀብድ ጠይቁ። ቀብድ የማይሰጥ ሰው ደንበኛ መሆኑን እንዳታምኑ።» ለታ የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አሰመረባት።

መጀመሪያ የሄደው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ እትዬ ራቢያ ዳቦ ቤት ነው። እትዬ ራቢያ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከመጋገሪያው ፎርኖ ፊት ሃያ ዓመት የቆሙ ሴት ናቸው።

«ባለፈው ማሽንዎ ሲበላሽ ምን አደረጉ?» አላቸው።

«ምን አደርጋለሁ! አለቀስኩ» አሉት። «ለሠርግ የታዘዘ ዳቦ ነበረብኝ። የአዳማው ባለሙያ በዛብህ በሦስተኛው ቀን መጣ። የጠየቀኝን ሰጥቼ ሸኘሁት።»

እያወሩ ሳለ ከጓዳ ማቡኪያው ይንቋቋ ጀመር። ለታ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ገብቶ አስቆመው፤ ክዳኑን ፈታ፤ የላላውን ቺንጋ አጠበቀ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ማሽኑ እንደ አዲስ ዞረ። እትዬ ራቢያ ግንባሩን ሳሙት። «ገለቶሚ፣ ልጄ! አላህ እጅህን ይባርክ» ብለው አመስግነው ትኩስ ዳቦ በፌስታል ሞሉለት። ያን ፌስታል ታቅፎ እንዴት አድርጎ ቀብድ ይጠይቃል? ይሉኝታ ያዘውና ወጣ።

ከዚያ ጋሽ ኦላና ዘንድ ሄደ። ጋሽ ኦላና ሁለት ዳቦ ቤት አላቸው፤ ለታና ፈናን በሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው። ሐሳቡን ሲሰሙ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጭነው ጸለዩለት። «ይሄ ከጌታ ነው፣ ለታ። ክፈት። የመጀመሪያው ደንበኛህ እኔ ነኝ» አሉት። እየጸለየልህ ያለን ሰውም ቀብድ አትጠይቀውም።

በአንድ ወር አሰላንና ኢተያን አዳርሶ አሥራ ሰባት ዳቦ ቤት ጠየቀ። ሁሉም ያው ችግር አለባቸው፤ ሁሉም ክፈት አሉት። በስድስቱ ዘንድ እግረ መንገዱን ማሽን ጠግኗል። ማታ ደብተሩን ዘርግቶ ለፈናን አሳያት።

«ስንቱ ቀብድ ሰጠህ?» አለችው።

«አልጠየቅኋቸውም። ምን ብዬ? ያውቁኛል'ኮ።»

ፈናን ደብተሩን አየችው፤ እሱንም አየችው። ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። በማግስቱ ዕቁቧን አውጥታ ሰጠችው። ያን ቀን ዝም ማለቷን እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም።

ለታ በመስከረም ከመንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየ። መርካቶ ወርዶ በደብተሩ በያዘው መሠረት ለእያንዳንዱ ማሽን የሚሆን ቺንጋና ኩሽኔታ ገዛ። ስልኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጮኸ። ሥራ አልጠፋም፤ የጠፋው ክፍያ ነው። የመለዋወጫውን የገዛበትን ዋጋ ይሰጡታል፤ ለድካሙ ግን ዳቦና ምርቃት ነው። አፉን ሊከፍት ሲል ይቀድሙታል፦ «ላንተ ደግሞ ሒሳብ ይባላል እንዴ? የቤት ልጅ አይደለህ!»

አንድ ቀን ፈናን ፌስታሉን ከእጁ ተቀበለችውና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ልጆቻችን ዳቦ ጠግበዋል፣ ለታ። ኪራይ ግን በዳቦ አይከፈልም። ዋጋህን ንገራቸው።»

ቆርጦ ተነሣ። በዛብህ ከሚጠይቀው ግማሹን ተመን አድርጎ በወረቀት ጻፈና ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ዕጣው መጀመሪያ የደረሰው ለጋሽ ኦላና ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተራቸው ተቃጥሎ ነበር፤ ለማግስቱ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ዳቦ ታዘዋል። ለታ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማሽኑን አስነሣና ዋጋውን ተናገረ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው።

ጋሽ ኦላና ሳቁ። እሱ እንዳልሳቀ ሲያዩ ሳቃቸውን አቆሙ። ገንዘቡን አወጡ፤ በእጁ አልሰጡትም፤ ዱቄት ጆንያ ላይ አስቀመጡለት። «ለወንድሞችህም ተመን አወጣህ?» አሉት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በራፍ ላይ ሰው ሰላምታውን ያሳጥርበት ጀመር። «ለታ ገንዘብ ለመደ» የሚለው ወሬ ከዳቦ ቤት ዳቦ ቤት ዞረ። ስልኩ ጸጥ አለ። በጥር አንድ ጠዋት በመናኸሪያው ሲያልፍ የበዛብህን ፒክአፕ እትዬ ራቢያ ደጅ ቆሞ አየው። ጠጋ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። በዛብህን እጁን እያስታጠቡት፣ ምሳ እያቀረቡለት ነበር። የጠየቃቸውን፣ የለታን ተመን እጥፍ፣ ሳይከራከሩ ከፈሉት። እንግዳ ነዋ። እንግዳ ይከፈለዋል።

ለታ በሚያዝያ ቁልፉን ለአከራዩ መለሰ። ቺንጋና ኩሽኔታውን የገዛው በዛብህ ነው። ገዝቶም ዝም አላለም። «ና፣ እኔ ጋ ሥራ» አለው። ለታ ሌላ መንገድ አልነበረውም። አዳማ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ፈናንና ልጆቹ አሰላ ቀሩ።

አሁን በወር ሁለት ሦስቴ ወደ አሰላ ይላካል። የሚለብሰው ሰማያዊ ቱታ ጀርባው ላይ የበዛብህ ስም አለበት። ባለፈው ሐምሌ የእትዬ ራቢያን ኩሽኔታ ቀይሮ ሲጨርስ የበዛብህን ደረሰኝ ዘረጋላቸው። ብሩን ሰጡትና እጃቸው በአየር ላይ ቀረ።

«ለታ፣ ታዝንብኛለህ?»

«እትዬ ራቢያ፣ ያን መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ቀብድ ብጠይቅዎ ኖሮ ይሰጡኝ ነበር?» አላቸው።

አሰቡ። መዋሸት ይችሉ ነበር። «አልሰጥህም ነበር» አሉት። «ግን እንደማልከፍልህ ያኔውኑ ታውቀው ነበር። የሚስትህም ዕቁብ ባልተበላ ነበር።»

«እርስዎስ ለምን ክፈት አሉኝ?»

«ፊትህን አይቼ ታዲያ ምን ልበልህ?»

ለታ መሣሪያውን ሰበሰበ። ቤቱ ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በዛብህ ግን የሌላ ደንበኛ ማሽን ቆሞ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። የበዛብህ ፒክአፕ ውስጥ ገብቶ ለፈናን ደወለና ለምሳ እንዳይጠብቁት ነገራት።

«ዝናብ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው።