ሥዕሌ ላይ የቀረው የግመል ፀጉር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አንድ ነገር ተሳመ! እኔ አይደለሁም፣ ሥዕሌ ነው የተሳመው!

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና አሊዩ አምባ ገበያ ላይ የጋሽ ሰይድን ግመል ስስል፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ግመሏ ራሷ መጥታ አንገቷን አሸችበት። ፀጉሯ ተጣብቆ ቀረ። ያን ዕለት ንዴቴ ለጉድ ነበር።

ሥዕሉን የገዙኝ የሸዋ ሮቢቷ ባለ ሆቴል እትዬ ብርቄ ደግሞ ሥዕሉን ፎቶ አስነስተው፣ ፀጉሩን በኮምፒውተር አስጠፍተው፣ በትልቁ አሳትመው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ዋናውን ሥዕል ግን ማድ ቤት በር ጀርባ አቆሙት። «ቆሻሻ አለበት» ብለው ነው። አልተቀየምኩም። ትንሽ ብቻ።

ዛሬ እኔ ሆቴሉ እያለሁ ጋሽ ሰይድ ምሳ ሊበሉ ገቡ። ግመላቸው ከሞተች ወራት አልፈዋል። የታተመውን አይተው «ማሻ አላህ፣ ትመስላለች» አሉና ወደ ምግባቸው ዞሩ። በቃ!

እኔ አላስችል አለኝ። ሮጬ ዋናውን አመጣሁላቸው።

ጣታቸውን አንገቷ ላይ ሲያሳልፉ ደንገጥ አሉ።

«ይሄ ፀጉር የሷ ነው እንዴ?»

«አዎ ጋሼ፣ ራሷ ናት የለጠፈችው።»

«ወላሂ?» ብለው ሳሟት። እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። እትዬ ብርቄም ማማሰያ እንደያዙ ይስቃሉ።

አሁን የታተመው ማድ ቤት ገብቷል፣ ዋናው ግድግዳው ላይ ወጥቷል። እትዬ ብርቄ ሲሰቅሉት «ትንሽ ልወልውለው?» ቢሉ፣ ጋሽ ሰይድ «እንዳይነኳት!» ብለው ሆቴሉን አናወጡት።

እናንተስ ቤት በምንም ቅጂ የማትለውጡት ምን አለ? ፎቶውን ከታች አሳዩኝ። ብቻ አደራ፣ ከማንሳታችሁ በፊት እንዳትወለውሉት!