የኮሶ ነው ብሎ ሊሰጣት

«ለሁለት ሰው ስጪኝ አልኩሽ እኮ! ምን ያከራክራል?»

«ማዘዣው ላንተ ነው የተጻፈው፣ ወንድሜ። ላልታየ ሰው ይኼን መድኃኒት መስጠት አልችልም፤ ሕጉ አይፈቅድም።»

«ሕጉ እኔ አልጋ ላይ ይተኛል እንዴ?»

ይህ የሆነው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጎፋ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ግጥም እየሞነጫጨርኩ ያለ ሥራ የምዞርበት ጊዜ ነበር። ለእናቴ የዓይን ቅባት ልገዛ ገብቼ ተራዬን እጠብቃለሁ። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት፣ ሁለቱም ተከራካሪዎች እውነት ስለነበራቸው ነው።

ሰውየው ግንበኛ ነው፤ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ድምፁን ቢቀንስም ቤቷ ጠባብ ናትና ይሰማኛል።

«ጨብጥ ነው አሉኝ። ሚስትህም ካልታከመች ይመለስብሃል አሉኝ። ታዲያ ላሳክማት አይደል የምለፋው?»

«ምን ብለህ ልትሰጣት ነው?»

«የኮሶ ነው እላታለሁ። በፋሲካ ጥሬ ሥጋ በልተናል፤ ታምነኛለች።»

እኔ ሳቄ መጣ። ፋርማሲስቷ ግን አልሳቀችም።

«ነፍሰ ጡር ናት?»

ሰውየው መደርደሪያውን ማየት ጀመረ። «ሆዷ ገፍቷል» አለ በመጨረሻ።

«ይኼ ክኒን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ፅንሱን ይጎዳል። ለእሷ የሚሆን ሌላ አለ። ግን ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ።»

«እንግዲያው ልነግራት ነዋ! ትዳሬን ልታፈርሺው ነው?»

መልስ ሳትሰጠው በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ናት፤ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው ቆይታ ሰልችቷታል። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

«ምን ውጦ አስቀረህ? እግሬ አበጠ እኮ!» አለችው። ወደ ፋርማሲስቷ ዞረችና «የምን መድኃኒት ነው፣ እህቴ?» ስትል ጠየቀቻት።

«የእሱን ጉዳይ እኔ መናገር አልችልም። ራሱ ይንገርሽ።»

ክኒኑን የከለከለው ሕግ ወሬውንም ከለከለ ማለት ነው። ሰውየው «የኮ...» ብሎ ጀመረ። ዓይኑ ሆዷ ላይ ሲያርፍ አቆመ።

«አንቺም መታከም አለብሽ፣ ሙሉ። ከእኔ የመጣ በሽታ ነው።»

አልጮኸችም። «ሕፃኑስ?» አለች፣ ፋርማሲስቷን እያየች።

«ቶሎ ከታከምሽ ለሱም ይሻለዋል። ጤና ጣቢያው አሁን ክፍት ነው።»

ያን ቀን ክኒኑን ሰጥታው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ። ነገሩን በግጥም ልጽፈው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ሴትየዋ ስትወጣ የተናገረችውን የሚያክል ስንኝ አጣሁ።

ሰውየው «ቆይ፣ ላድርስሽ» ብሎ ሊከተላት ተነሣ።

ነጠላዋን አስተካከለች። «አንተ ክኒንህን ዋጥ» አለችውና ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።