የርሆቦት የአባት ስም

ደግፌ ቢሮዬ የሚላት ክፍል ኮልፌ አጠና ተራ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ናት። ጠረጴዛውና ሁለቱ ወንበሮች ከገቡባት ወዲህ ባለቤቷን በጎን ካልሆነ አታስገባም። በሩ ላይ «የሰነድ ትርጉም፦ የልደት፣ የጋብቻ፣ ያላገባ፣ የትምህርት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሸኝቷል። መቼም ወደ ትርጉም ቤት የሚመጣ ሰው ሊሄድ የተነሳ ነው። እዚሁ ሊኖር ያሰበ ሰው የልደት ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ምን ያደርገዋል?

የሰፈሩን ጉድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ማን ከማን እንደተፋታ፣ ማን ስንት ልጅ ደብቆ እንደኖረ፣ ያላገባ ማስረጃ ይዞ የመጣው ጎረምሳ አምና በየትኛው አዳራሽ ሙሽራ እንደነበር ሳይቀር ያውቃል። ግን ትንፍሽ አይልም። ወረቀቱ ያለውን ይተረጉማል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንድ ጊዜ ጋሽ ጀይሉ የሚባሉ የጣውላ ነጋዴ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ የልደት ማስረጃቸውን አስተረጎሙ። 1948 የነበረው በፈረንጅ አቆጣጠር 1956 ሆኖ ሲያዩት ፊታቸው በራ። «አላህ ይስጥህ! ስምንት ዓመት ቀነስክልኝ!» አሉ። ደግፌ አልቀነስኩም ብሎ ሊያስረዳቸው ሩብ ሰዓት ደከመ። በመጨረሻ ተዋቸው። ሰውዬው እንደ ወጣት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጡ ወረዱ፤ ሄዱም፤ እንደሌሎቹ ሁሉ ደግመው አልታዩም።

የሄደ ሰው ተርጓሚ አያስታውስም። ለደላላው ይደውላል፣ ለነፍስ አባቱ ይልካል። ደግፌን ግን ከዚያ ሁሉ ደንበኛ አንድ እንኳ «በሰላም ደረስኩ» ብሎት አያውቅም። ሚስት ለምን እንዳላገባ ሲጠየቅ «ዛሬ ነገ ስል» ይላል። እውነቱ ሌላ ነው። ያሰባት ልጅ ነበረች፤ እሱ ቃል እየመረጠ ሲዘገይ፣ አንድ ቀን ከሌላ ሰው ጋር የተፈራረመችበትን የጋብቻ ወረቀት ይዛ ልታስተረጉም መጣች። ተረጎመላት፤ ማህተም መታበት። በሩን ቀስ ብላ ዘግታለት ወጣች።

አንድ ሰው ግን ነበረችው፤ ርሆቦት።

ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለው የእናቱ ግቢ ሰርኬ የምትባል ተከራይ ትኖር ነበር። የልጇ አባት ጃለታ የከባድ መኪና ሾፌር ነበረ፤ ልጅቷ ሳትወለድ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። ሰርኬ ሁለት ዓመት ታገለች፤ አልሆን ሲላት ልጇን ለደግፌ እናት ትታ ቤሩት ሄደች። «ሁለት ዓመት ብቻ» ብላ ነበር። ሁለቱ ዓመት አሥራ አንድ ሆነ፣ ከዚያም ወደ ካናዳ ተሻገረች። በመሃል የደግፌ እናት አረፉ። ከዚያ በኋላ እቤት ውስጥ የቀሩት አንድ ጎልማሳና አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናቸው። ፀጉር መሥራት ያልተማረበት የጎረቤት በር የለም።

የደግፌ ስም የተሰጣት ከዚያ በፊት ነው። አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግባት በወሰዳት ቀን መዝጋቢዋ ቀና ሳትል «የአባት ስም?» አለች። ርሆቦት እጁን ይዛ ወደ ላይ ታየው ነበር። ሞቷል ብሎ በፊቷ መናገር አቃተው። «ደግፌ» አለ። በቃ፣ ያለቀው እንዲያ ነው። ይህን ያላደረገ ማን አለ? በሰፈራችን አጎት አባት ይሆናል፣ አያት እናት ትሆናለች፣ ልጅ በአሳዳጊው ስም ይጠራል፤ ማንም ዋሸህ አይልም። የሚገርመው ግን እንዲህ ያለ ነገር ስንት ቪዛ እንዳስቀረ ከማንም በላይ የሚያውቀው ደግፌ ራሱ መሆኑ ነው። በትምህርት ቤቱ ካርድ የልደት ማስረጃ ወጣ፤ በልደት ማስረጃው ፓስፖርት ወጣ። ልጅቷ ከፍ ስትል እውነቱን ነገራት። ሰማችና «እሺ» አለች፤ አባዬ ማለቷን ግን አልተወችም።

ሰርኬ ልጇን ለመውሰድ ስታመለክት የልጅቷን አባት ጃለታ ብላ ሞላች፤ እውነቷን ነው። ባለፈው ጥቅምት ከካናዳ ኢሚግሬሽን መልስ መጣላት። የእናትየው ቃልና የልጅቷ ማስረጃ አይገጥምም፤ በስልሳ ቀን ውስጥ በፍርድ ቤት የተስተካከለ ማስረጃ ካልቀረበ ማመልከቻው ይዘጋል። ርሆቦት ሃያ ሁለት ሊሞላት ሦስት ወር ቀርቷት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በእናቷ በኩል መሄድ የሚባል ነገር አይኖርም።

ሰርኬ እንግሊዝኛውን እንዲያይላት ደብዳቤውን በስልክ የላከችው ለእሱ ነበር። አነበበና ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እያጣራሁ ነው» አላት። አሥራ ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። ሌላ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም ነበር፤ ዝም ብሎ ስልሳውን ቀን ማሳለፍ ብቻ። ርሆቦት ትቀርለታለች። ስሙም ይቀርለታል። በእነዚያ ቀናት የሰው ወረቀት ሲተረጉም እጁ ይሠራል እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም። ያፍር ነበር፤ ግን ዝምታውንም አልሰበረም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ርሆቦት «አባዬ፣ የካናዳው ደብዳቤ ገና አልተጣራም እንዴ? እማ እንቅልፍ አጥታለች» አለችው።

ዳቦውን አስቀመጠ። «ካነበብኩት ቆይቷል። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ደብዳቤውን ከስልኩ ላይ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«እንድቀር ፈልገህ ነው?»

«አዎ።»

ስልኩን መለሰችለት። ከዚያ «ብትነግረኝ እኮ አብረን እናለቅስ ነበር» አለችና ሻይ ጨመረችለት። በማግስቱ አብረው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ማመልከቻውን የጻፈው እሱ ነው።

የምስክሩ ቀን መጀመሪያ የተጠሩት ጎረቤታቸው እማማ ዙቤዳ ናቸው። ልጅቷ ስትወለድ ነበርኩ፣ አባቷ ጃለታ ነው ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ሲመለሱ የደግፌን ክንድ ነካ አድርገው አለፉ። ቀጥሎ እሱ ቆመ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ልጅዎ ናት?»

«አሳድጌያታለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«የጠየቅሁዎት እሱን አይደለም። ወልደዋታል?»

«አልወለድኳትም።»

«ታዲያ ስምዎን ምን ብለው ሰጡ?»

«ስም ጠየቁኝ፤ ያለኝ እሱ ነበር።»

ጸሐፊው ፈገግ አለ። ዳኛዋ ግን ፈገግ አላሉም፤ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ።

ውሳኔው የወጣው ስልሳው ቀን ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ርሆቦት ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ቀትር ላይ ቢሮው ይዛው መጣች።

«ዘነበወርቅ ሰፈር ሶሊ የምትባል ጎበዝ ተርጓሚ አለች» አላት። «እደውልልሻለሁ፣ እሷ ጋ ውሰጂው።»

«ሌላ ሰው እንዲያነበው አልፈልግም» አለች።

ተቀመጠና ጀመረ። ውሳኔው ሁለት ገጽ ነው። «አመልካቿ የግለሰቡ ልጅ አለመሆኗ በማስረጃ በመረጋገጡ» ይላል። ግለሰብ የሚለውን ቃል ሺህ ጊዜ ተርጉሞታል፤ የዛሬው ግለሰብ እሱ ነው። «ደግፌ የሚለው ተሰርዞ» ጋ ሲደርስ ውሃ ጠጣ። ጨረሰው፤ አንድ ቃል አልዘለለም።

ቀጥሎ ከትርጉሙ ጋር የሚያያዘው የተርጓሚው መግለጫ አለ። የካናዳ ኢሚግሬሽን ሰዎች በቤተሰብ የተሠራ ትርጉም አይቀበሉም፤ ስለዚህ መግለጫው ላይ «ተርጓሚው ከአመልካች ጋር ያለው ዝምድና» የሚል መስመር አለ። ሌላ ጊዜ ሳያየው ነው የሚሞላው። አሁን እጁ ቆመ። አባት ቢል ውሳኔውን ራሱ ማፍረሱ ነው። አሳዳጊ ቢል ትርጉሙን ቤተሰብ ሠራው ብለው ይጥሉታል፤ እንደገና የሚሠራበት ጊዜ ደግሞ የለም። ርሆቦት ከጀርባው ቆማ ስክሪኑን ታያለች። የምትተነፍሰው ይሰማዋል።

«ምንም» ብሎ ጻፈ።

እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ወጣ፤ ፈረመበት፣ ማህተሙን መታበት፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አስቀመጠው። ከታች የታክሲ ረዳት ይጣራል። ርሆቦት ወርዳ ስካን አድርጋ ዛሬውኑ ለእናቷ መላክ አለባት፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ጥቂት ጠበቀች።

«አባዬ፣ ማህተሙ ደረቀ? ላንሳው?»

ማህተሙ ከደረቀ ቆይቷል።

«ገና ነው» አላት። «ትንሽ ተቀመጪ።»